ሕፃን የሌለበት የአራስ ገንፎ

«ንጹህ ነው!» አለች እማዬ፣ ስልኩን እንኳ ሳትዘጋው። ሐኪሟ ገና መስመር ላይ ናት፤ እኔ ግን አልጋው ላይ ወጥቼ መዝለል ጀምሬያለሁ። ከማህፀኗ ያወጡላት ትንሽ ሥጋ፣ ፖሊፕ የሚሏት፣ ለምርመራ ተልካ ነበር። ካንሰር አይደለችም። ይህን ቃል እማዬ አንድም ቀን ጠርታው አታውቅም፤ «ያ ነገር» ነው የምትለው። እና ያ ነገር አይደለም!

ውጤቱ ሳይመጣ ቤታችን ውስጥ የሆነውን ግን ላውራችሁ።

እማዬ ለወራት ያለጊዜው ደም ሲፈሳት ለሰው ትንፍሽ አላለችም። ሕክምናውም በምስጢር ነው ያለቀው፤ ጠዋት ገብታ ከሰዓት ወጣች። ልደታ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ምስጢር ይዞ አራተኛ ፎቅ መውጣት ግን ቀልድ አይደለም። ከታክሲ ስንወርድ እሷ ሆዷን ይዛ ቀስ እያለች ትራመዳለች፤ እኔ ደግሞ ዕቃዋን በጋቢ ጠቅልዬ ደረቴ ላይ አቅፌያለሁ። ለካ አንደኛ ፎቅ ያሉት እትዬ በረንዳቸው ላይ ልብስ እያሰጡ ያዩናል።

ሐኪሟ «ከባድ ነገር እንዳታነሺ» ብላታለች። ማን ሊሰማ! ውሃ የመጣ ዕለት ዞር ስል ጀሪካን አንጠልጥላ አገኘኋት።

«እማዬ! አስቀምጪው!»

«ባዶ ነው እኮ።»

ባዶው ጀሪካን ወለሉን እያረጠበ ነው። ቀምቼ ወደ አልጋዋ መለስኳት። እንደተኳረፍን በሩ ተንኳኳ።

እትዬ ናቸው። በእጃቸው ገንፎ፣ መሀሉ ላይ ቅቤው ሐይቅ ሠርቷል።

«እንኳን ማርያም ማረችሽ!» አሉ ገና ከበሩ። ወደ እኔ ጠጋ ብለው ደግሞ በሹክሹክታ፣ «ወንድ ነው ሴት? እልልታውን በስንት ልልቀቀው?»

«የምን እልልታ?»

«የሕፃኑ ነዋ! በጋቢ ያቀፍሽው!»

«እትዬ፣ እሱ እኮ ቢጃማና ነጠላ ጫማ ነው።»

እማዬ ብርድ ልብሱን እስከ አፍንጫዋ ሳበችው። አሁን «ጨጓራ ነው» ትላለች ብዬ ጠበቅኩ፤ ለጠያቂ ሁሉ ያዘጋጀችው መልስ እሱ ነበር። ገንፎውን አየችው። እሳቸውን አየቻቸው። «ደም ነበር፣ እትዬ» አለች፤ ከዚያ ሁሉንም ዘረገፈችው፣ ፍርሃቷን ሳይቀር።

እትዬ ሳህኑን እንደያዙ ቁጭ አሉ።

«እኔም እኮ…» አሉ። የወር አበባቸው ከቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ ሰሞኑን ግን ደም ያያሉ። ለልጆቻቸውም አልነገሩም። «በዚህ ዕድሜዬ ምን ብዬ ልሂድ?»

«ዝም የሚባል ነገር አይደለም! ነገውኑ ይሂዱ» አለች እማዬ፣ የራሷን ወራት ረስታ።

«ያንቺ ውጤት ይምጣና።»

«የኔ ውጤት ለእርስዎ ምን ያደርግልዎታል?»

«ድፍረት ይሰጠኛል።»

ከዚያ ምን እናድርግ? ገንፎው ሳይቀዘቅዝ ሦስታችንም ከዳር ከዳር ጀመርነው። እማዬ አራስ ባትሆንም እንደ አራስ በላች።

ስለዚህ ዛሬ ስልኩ እንደተዘጋ ደረጃውን እየዘለልኩ አንደኛ ፎቅ ወረድኩ። እትዬ ግቢው እስኪሰማ እልል አሉ፤ ቁጥሩን ማንም አልጠየቀም። «ማርያም ማረችሽ ብዬ አልነበር? ምኑ ላይ ተሳሳትኩ?» አሉኝ። ከዚያ ድምፃቸው ቀነስ አለ። «እንግዲህ ተራው የኔ ነው ማለት ነው።»

ቅዳሜ ጠዋት እማዬ ወደ ሐኪሟ ትወስዳቸዋለች፤ ቦርሳ ያዥ እኔ ነኝ። በጋቢ ምንም አልጠቀልልም። ይህን ልጽፈው ነው ስላት እማዬ የምትቆጣ መስሎኝ ነበር። «ጻፊው፤ ሌሎቹንም ጥሪልኝ» አለችኝ።

ጠርቻለሁ። ዝም ብላችሁ የያዛችሁት ካለ፣ ወይ እናታችሁ ቤት ውስጥ «ጨጓራ ነው» የምትል ከሆነ፣ ይዛችኋት ኑ፤ አብረን እንሄዳለን። ስንመለስ ገንፎ አለ። ደረጃው ይከብደናል ብላችሁ ደግሞ እንዳትቀሩ፤ የሚበላው እትዬ ቤት ነው፣ አንደኛ ፎቅ።