ያልገባው ቅቤ

የእህቴ ፀጉር መጀመሪያ የለቀቀው ከማጅራቷ ከፍ ብሎ፣ የአንድ ብር ሳንቲም የሚያህል ቦታ ላይ ነው። ያየሁት እኔ ነኝ። ወልቂጤ ሰፈራችን ውስጥ ኮብልስቶን የሚነጠፍበት ጊዜ ስለነበር አቧራው ከሰው ራስ አይወርድም። ግቢ ውስጥ አጎንብሳ ስትታጠብ በጆግ ውሃ አፈስላታለሁ።

“እዚህ ጋ ፀጉር የለሽም” አልኳት።

በጣቷ ዳሰሰችው። “አንተ ዝም ብለህ አፍስስ” አለችኝ።

ታላቄ ናት። አንደኛ ደረጃ ታስተምራለች፤ ቤተ ክርስቲያናችን ውስጥ ከመዘምራኑ ጋር ትዘምራለች። በዚያ ዓመት ለአንድ የቡታጅራ ሰው ታጭታ ነበር። የሕንፃ መሣሪያ የሚሸጥ፣ ድምፁ ለስላሳ፣ እናቱ ሳትፈቅድ ጫማ የማይገዛ ሰው ነው። ሠርጉ ለጥር ተቆርጧል። ከዚያ በፊት ግን፣ መስቀል እንዳለፈ፣ የልጁ እናት መጥታ የሙሽራዋን አናት በገዛ እጇ ቅቤ ትቀባለች። በእኛ ዘንድ ይህ ምርቃት ነው። ቅቤው አናት ላይ ይደረጋል፣ ቀልጦ ይገባል፣ ነገሩም በዚያው ይጸናል። እህቴ እስከ መስቀል ፀጉር ማብቀል ነበረባት።

እስከ ፋሲካ ባዶው ቦታ መዳፍ አከለ። ቤታችን ውስጥ ሁሉም ሐኪም ሆነ። አክስቴ ነጭ ሽንኩርት ወቅጣ ቀባቻት፤ ቆዳው ውሃ ቋጠረና ተላጠ። ሲላጥ አክስቴ ደስ አላት፤ መሬቱ ሳይታረስ አይበቅልም ባይ ናት። ጎረቤት የጉሎ ዘይት አመጣች። እኔ ደግሞ ቡታጅራ ገበያ የጥቁር አዝሙድ ዘይት ልገዛ ተላክሁ። ነጋዴው ከሞት በስተቀር የማያድነው ነገር የለም ብሎ በቢስሚላህ ቀዳልኝ። ይህን ቤት መጥቼ ስናገር አክስቴ፣ “እሷም ከፀጉር በስተቀር የሌላት ነገር የለም፤ ይስማማሉ” አለች። ሁሉም ሳቀ። እህቴም አብራ ሳቀች። ከሁሉ ያንገበገበኝ የእሷ ሳቅ ነው።

እናቴ በበኩሏ ወደ ጸሎት ወሰደቻት። የሚጸልይላት ሰው አንድ እጁን ራሷ ላይ ጭኖ፣ በማይክራፎን፣ የእህታችንን ራሰ በራነት እንቃወማለን አለ። እስከዚያ ቀን ድረስ ሻሿን ጨዋነት ብቻ አድርገው ያዩ ሁሉ አሜን አሉ። በማግስቱ ክፍል ስትገባ ተማሪዎቿ ብድግ ብለው በአሜን ተቀበሏት።

ከዚያ በኋላ መዝሙሩን ተወች። አዲስ አበባ ቆዳ ሐኪም ዘንድ ስትሄድ እኔ ሸኘኋት። ሐኪሙ ራሷን በአጉሊ መነጽር አይቶ፣ የገዛ አካሏ ፀጉሯን እንደ ባዕድ ቆጥሮ እያባረረው እንደሆነ ነገራት። አይጋባም አለ፣ ከቆሻሻም የመጣ አይደለም፤ በራሱ ሊመለስ ይችላል፣ ላይመለስም ይችላል። ባዶውን ቦታ በቀጭን መርፌ ደጋግሞ ወጋው። እህቴ የወንበሩን ጠርዝ ይዛ ቆየች። ጠዋትና ማታ የሚንጠባጠብ ፈሳሽ መድኃኒትም አዘዘላት፤ ወራት እንደሚፈጅ፣ ትዕግሥት እንደሚፈልግ አስጠነቀቃት። በአውቶቡስ ስንመለስ ለመስቀል ስንት ወር እንደቀረው ጠየቀችኝ። ግጥም እንደምሞክር ታውቃለችና፣ ወልቂጤ ልንገባ ስንል ደግሞ፣ “ስለ ራሴ ቤት ስታስመታ ባገኝህ እጅህን እሰብረዋለሁ” አለችኝ። ስለዚህ በስድ ንባብ ነው የምጽፈው።

እናቴ ጠርሙሱን አሸተተችው። ቅባት የለውም። እንደ ውሃ የሚደርቅ ነገር ቆዳ ውስጥ ይገባል ብላ ልታምን አልቻለችም፤ ለእሷ ያለ ቅቤ ሰው ገላ ውስጥ የሚዘልቅ ነገር የለም። ለመስቀል ስታጠራቅም የከረመችውን ቅቤ ከማሰሮው አወጣችና መድኃኒቱን አንድ ጠብታ ሳታስቀር ገልብጣ ለወሰችው። እህቴ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ያገኘችው ባዶ ጠርሙስ ነው። እንዲህ ያለ መድኃኒት በከተማችን አይገኝም ነበር። እናቴን ላለማስከፋት ክረምቱን ሙሉ ያንን ቅቤ ተቀባች። ትራሷ ከረፋ፣ ዝንብ ተከተላት፣ ፀጉር ግን አልመጣም።

መስቀልን ቸሃ፣ አያቶቻችን ቤት ዋልን። የቀረበው ክትፎ ደረቅ ነበር። አክስቴ አላምጣ ከዋጠች በኋላ፣ “የዘንድሮው ቅቤ ራስ ላይ ቀርቷል” አለች። ከመርካቶ ለበዓሉ የመጣው አጎቴ ብቻ አዝኖላት ዊግ ገዝቶላት መጥቷል። የሚያብለጨልጭ፣ ጫፉ ቀላ ያለ፣ ከራሷ የሚሰፋ ዊግ። እናቴ ከውስጥ በመርፌ አጠበበችው። እህቴ አድርጋው ስትወጣ እሷኑ ልትጠይቅ የመጣች እንግዳ ሴት መሰለችኝ።

መስቀል እንዳለፈ የልጁ እናት ከዘመዶቿ ጋር ወልቂጤ ቤታችን መጣች፤ ቅቤዋን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ። እህቴ ሁሉንም ለእጮኛዋ አስቀድማ ነግራዋለች። እሱም ፀጉር አላጨሁም ብሏት ነበር፤ ለእናቱ ግን ትንፍሽ አላለም። እህቴ በርጩማ ላይ አጎነበሰች። ሴትዮዋ የእህቴን ነጠላ ገለጥ አድርጋ ቅቤውን አናቷ ላይ አኖረችው፣ በመዳፏም ተጫነችው። መረቀች። ጠበቅን። የሰው ራስ ሙቀት አለው፤ ቅቤ ሲነካው ወዲያው ይላላል። ይኼኛው ግን ዊጉ ላይ እንደ ነጭ ጠጠር ቁጭ አለ። ሁሉም አየ። ሴትዮዋ የቀረበላትን በላች፣ እጇን ታጠበች፣ ቤቱን አመሰገነች። በር ላይ ስትደርስ ወደ እናቴ ዞር ብላ፣ በጣም በለሰለሰ ድምፅ፣ “ቅቤው አልገባም” አለች።

ብዙም ሳይቆይ የመጡት ሽማግሌዎች ሌላ ቃል አልጨመሩም። ቅቤው አልገባም፣ ልጁ ሌላ ይፈልጋል። እጮኛዋ ስልክ ደውሎ የወሰነችው እናቱ እንደሆነች፣ ምንም ማድረግ እንደማይችል ነገራት። አክስቴ አባባሉን ወደደችው፤ ሻይ ስኳር ሲያንሰው እንኳ ቅቤው አልገባም ትል ጀመር። ከእሷ አፍ ወጥቶ ሰፈሩን ዞረ። የባጃጅ ሹፌሮች እህቴን ሲያሳፍሩ፣ “መምህር፣ እንግባ ወይስ አይገባም?” ይሏት ነበር።

ከዚያ ወዲያ እህቴ ማንንም አላማከረችም። ትምህርት በተዘጋ ቁጥር ብቻዋን አዲስ አበባ እየሄደች መርፌውን ተወጋች። መድኃኒቱን ትምህርት ቤት፣ የጠመኔ ሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት፤ እናታችን እንዳታገኘው። መጀመሪያ የበቀለው ነጭ ነበር፣ እንደ ጫጩት ላባ የሳሳ። “አርጅተሽ ተወለድሽ” አለቻት አክስቴ። ቀስ በቀስ ከሥሩ ጠቆረ። ዓመት አልፎ ሌላው ሲጋመስ ጠቅልላ የምታስረው ሆነ።

ወሬው ቡታጅራ ደረሰ። ሰውየው አላገባም ነበርና ሽማግሌ መልሰው ላኩ። እናቴ እንባ በእንባ ሆነች፤ ያን ዕለት ማሰሮዋን አጥባ ቅቤ ማጠራቀም ጀመረች። እህቴ እሺ አለች። የጠየቀችው የልጁ እናት ዳግመኛ መጥታ እንድትቀባት ብቻ ነው።

በቀጠሮው ጠዋት ጓሮ፣ እንሰቶቹ መሃል ጠራችኝ። መቀስና ምላጭ ይዛለች።

“እስከ ቆዳው” አለችኝ።

በእኛ አገር ሴት ራሷን የምትላጨው ሰው ስትቀብር ነው። ለመንኳት። ይህን ሁሉ መርፌ ለዚህ ነው ወይ አልኳት።

“በራሱ ጊዜ ሄደ፣ በራሱ ጊዜ መጣ። አንድ ቀን እንኳ እኔን ይስማኝ” አለች።

ላጨኋት። ፀጉሩ ከባድ ነበር፣ ጤነኛ፣ እጄ ላይ የሚንሸራተት።

ሴትዮዋ ቅቤዋን መዳፏ ላይ አድርጋ ገባች። እህቴ በዚያችው በርጩማ ላይ፣ ራሷን ሳትሸፍን ተቀምጣለች። እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

“ማን ሞተባችሁ?” አለች ሴትዮዋ።

“ማንም አልሞተም” አለች እህቴ። “ባለፈው አልገባም ብለው ነበር። አሁን የሚከለክለው ነገር የለም፤ ይቅቡኝ።”

አጎንብሳ ጠበቀች። ቅቤው በሴትዮዋ መዳፍ ላይ መቅለጥ ጀመረ። በጣቶቿ መሃል አልፎ ወደ ክርኗ ወረደ። ለተላጨ ራስ መመረቅ ፈራች፣ ቅቤ መሬት ላይ መድፋትም ነውር ነው። በመጨረሻ የገዛ ክንዷን ቀባችውና ወጣች። ልጇ ደጅ መኪና ውስጥ ይጠብቃት ነበር፤ ከዚያ ወዲያ ከቡታጅራ ሽማግሌ አልመጣም።

እናቴ ማሰሮዋ ውስጥ ያጠራቀመችውን ቅቤ ለመስቀል አወጣችው። ክትፎው በቅቤ ዋኘ። አክስቴ ጎረሰች፣ የእህቴን ራስ አየች፣ ደግማ ጎረሰች።