በእትዬ አስካለ ፍሪጅ የቆየው አተር

ልጄ ከፍሪጅ በረዶ ሆኖ ያወጣችውን የጓሮ አተር ድስት ውስጥ ስትገለብጠው እንደ ጠጠር ተንኳኳ። ያንን ድምፅ የማውቀው በልጅነቴ፣ አሰላ ነው።

በደርግ ጊዜ ታላቅ ወንድሜ ታደሰ ለብሔራዊ ውትድርና ሄደ። እሸት አተር ነፍሱ ነበር። እናቴ ከጓሯችን ለቅማ ፈለፈለች፣ በፈላ ውሃ ነከር አደረገችና በላስቲክ ቋጥራ እጎረቤታችን እትዬ አስካለ ቡና ቤት ፍሪጅ ውስጥ በረዶ እንዲሆን አስቀመጠችው።

በሁዳዴ ጓሮው ደርቆ ሽሮ ሲሰለቸኝ፣ «እማዬ፣ አተሩን ለምን አንበላውም?» እላታለሁ።

«ባለቤት አለው» ትለኛለች።

እትዬ አስካለ፣ «አንቺ ሴትዮ፣ የቢራዬን ቦታ እኮ ወረስሽው!» እያለች ትቀልድባታለች። እናቴ አትስቅም። አዲስ እሸት በደረሰ ቁጥር የአምናውን ለእኛ ትቀቅልና አዲሱን ትተካለች።

አንድ ዓመት ግን የአምናውን አውጥታ ምንም ሳትተካ ቀረች።

«የዘንድሮውንስ አታመጪም?» አለቻት እትዬ አስካለ።

«ቢራሽን አስገቢበት።»

እትዬ አስካለ በነጠላዋ አፏን ያዘች። እኔ ያን ቀን አተሩን ደስ ብሎኝ ጠግቤ በላሁ። ታደሰ እንደማይመለስ ለእናቴ የተነገራት በዚያ ሳምንት መሆኑን ያወቅሁት ካደግሁ በኋላ ነው።

የሚበላ ሰው እያለ ምግብ ማስቀመጥ ስስት ነው ብዬ ነው ልጆቼን ያሳደግኳቸው። አሁንም አምንበታለሁ።

«አባባ» አለች ልጄ ድስቱን እያየች፣ «እንዳይቆጡኝ እንጂ፣ ወንድሜ ቅዳሜ ይመጣል። ትንሽ ላስቀርለት?»

«አስቀሪለት» አልኳት።