ያላላሁት ዳዶ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለእናቴም፣ ለፓስተራችንም አልነገርኩም። ለብቻዬ ስጸልይ እንኳ ቃሉን ከአፌ አውጥቼው አላውቅም። እኛ ቤተ ክርስቲያን የንስሐ አባት የለም፤ ጥፋቱን መናገር የፈለገ በጉባኤ ፊት ቆሞ ይናገራል። እኔም አንድ ጊዜ ቆሜ ነበር። ስለ ሌላ ነገር ተናገርኩና ተቀመጥኩ። ስለዚህ ለእናንተ፣ ለማታውቁኝ፣ እጽፋለሁ።

ዳዶውን ያላላሁት እኔ ነኝ።

አባታችን ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። ሆሳዕና ውስጥ እሳቸውን የማያውቅ ቮልሳቸውን ያውቃል። ወንድሜ አብርሃም በአራት ዓመት ይበልጠኛል። ይበልጠኝ ነበር ልበል? እንዴት እንደሚባል አላውቅም። ሰው ጋራዥ ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። አባታችን መንገድ ዳር ያለችውን ቦታችንን ለራሱ ጋራዥ ሊሰጡት ቃል ገብተውለት ነበር። «መጀመሪያ ግን የእኔን መኪና አድናት» አሉት።

ቮልሷ ሞተሯ ሲነሳ መጥፋት ያለበት ቀይ መብራት አልጠፋ ብሏት ነበር። ባትሪዋ ስለማይሞላ ጠዋት ጠዋት ተገፍታ ነበር የምትነሳው። አብርሽ መጀመሪያ ዲናሞውን የሚያዞረውን የጎማ ቀበቶ፣ ቺንጋውን፣ አየ። ሽቦዎቹን አንድ በአንድ ተከተለ። የዲናሞውን ካርቦኖች አወጣ፤ አላለቁም። በመጨረሻ ዲናሞውን አውርዶ ፈታው። ውስጡ ያለው መዳብ ጠቁሮ ይሸት ነበር። ከአዲስ አበባ ያገለገለ ዲናሞ አስመጣ፤ አርብ ከሰዓት ከአዲስ ቺንጋ ጋር ገጠመው። ቺንጋው የሚዞርበትን ፑሊ የምትይዘውን ትልቅ ዳዶ ሲያጠብቅ አጠገቡ ቆሜ ነበር። የግንባሩ ሥር ተገትሮ ነበር። አይቻለሁ። ይህን ያዙልኝ።

ከዚያ መሪው ጋ ተቀምጬ መብራቱን እንዳይ አዘዘኝ።

«ነዳጅ ስጣት!» አለኝ ከኋላ ሆኖ። «ጠፋች?»

«ጠፋች!»

«ዓይንህን ጨፍነህ እንዳይሆን!» ብሎ ሳቀ። ከዚያ መጥቶ በመስኮት ዘንበል አለ። «ስማኝ። ቮልስ ውሃ የላትም። ሞተሯን የሚያቀዘቅዘው ማራገቢያ የሚዞረው በዚሁ ዲናሞ ነው። ይህች መብራት ከበራች እዚያው ታቆማለህ። ትንሽ ልሂድ የሚባል ነገር የለም።»

ሰምቻለሁ። ገብቶኛል። አልገባኝም ነበር ብዬ ማምለጥ አልችልም።

ቅዳሜ ጠዋት ራሱ ነድቶ አያት። «ነገ አንጋጫ ጉባኤህ መሄድ ትችላለህ አባዬ» አላቸው። ከዚያ እሱ መዘምራን ልምምድ ሄደ፤ አባትና እናቴ ለቅሶ ሄዱ። እኔ ለጓደኞቼ ሆመቾ ሠርግ በቮልስ እወስዳችኋለሁ ብዬ ፎክሬ ነበር። ሳላስፈቅድ ወሰድኳት።

«ይቺ ኤሊ ሙሽሮቹ ሳይወልዱ ታደርሰናለች?» እያሉ ሦስት ሆነው ተጫኑ።

ዳገት ላይ ቀዩ መብራት በራ። አዲሱ ቺንጋ ረግቦ ነበር መሰለኝ። አጠገቤ ያለው «ያ ቀይ ነገር ምንድን ነው?» አለኝ።

«ድሮም ይበራል» አልኩት።

እንዲህ ነው ያልኩት። ለምን አላቆምኩም? ሦስት ሰው እንዳይስቅብኝ። ሌላ ምክንያት ፈልጌ አጥቻለሁ። ስንደርስ ሞተሩ የተቃጠለ ዘይት ይሸት ነበር። እስኪበርድ ጠበቅኩና ቀስ ብዬ መለስኳት። መብራቱ ሜዳ ላይ ይጠፋል፣ ዳገት ላይ ይበራል። ድምጿ ተለውጦ ነበር። ግቢ አስገብቼ ቦታዋ ላይ አቆምኳት። ገና ማንም አልተመለሰም።

ያኔ አሰብኩ። ነገ መንገድ ላይ ትቆማለች። ማን ነዳት ይባላል። ዳዶው ልል ሆኖ ከተገኘ ግን ማን ነዳት ብሎ የሚጠይቅ አይኖርም። ማን ሠራት ነው የሚባለው።

የአብርሽን የዳዶ መፍቻ ቁልፍ ከመሣሪያ ሳጥኑ አወጣሁ። ዳዶውን አላላሁት። ግማሽ ዙር። ቁልፉን ጠርጌ መለስኩት። አባቴ በዚያች መኪና እንደሚሄዱ እያወቅኩ አላላሁት።

እሑድ አንጋጫ ሳይደርሱ ቀዩ መብራት በራ። እሳቸው ወዲያው አቆሙ። ሞተሩ ግን አልቆለት ነበር፤ ከዚያ በኋላ አልተነሳም። የአንጋጫው መካኒክ ከፍቶ «ዳዶው አልጠበቀም። ማነው የሠራው?» አላቸው። ልጄ ነው አሉት። በአይሱዙ ተጎትተው ሲገቡ ግቢያችን ውስጥ ሽማግሌዎች ነበሩ። አባቴ በእነሱ ፊት «የአባቱን መኪና ያላጠበቀ የሰው መኪና ሊነካ ነው?» አሉ።

«አጥብቄዋለሁ አባዬ» አለ አብርሽ። ደጋግሞ አለ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ ነበርክ እኮ። አጥብቄው ነበር አይደል?»

«አላየሁም» አልኩ።

ከዚያ ወዲህ አብርሽ አንዱን ዳዶ ሦስት ጊዜ ያጠብቅ ነበር። አጥብቆ ይሄዳል፣ ተመልሶ ይነካዋል። ጋራዥ ሊሠራባት የነበረችው ቦታ ለፀጉር ቤት ተከራየች። በዓመቱ እንደ ሰፈራችን ልጆች ደቡብ አፍሪካ ሄደ። እነሱ ያለ እኔ ጥፋትም ሄደዋል። አብርሽ ግን መሄድ አይፈልግም ነበር። ሲደውል «ቮልሷ እንዴት ናት?» ይለኛል። «አለች» እለዋለሁ። ስንት ጊዜ ደወለ? ስንት ጊዜ መናገር እችል ነበር?

ከዓመታት በኋላ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሲሠራ ዘራፊዎች ተኩሰው ገደሉት። አስከሬኑ ሲመጣ አላለቀስኩም። እስካሁንም አላለቀስኩም። ድንኳን ውስጥ ወንበር አመላለስኩ። እጄ የሌላ ሰው እጅ ይመስለኝ ነበር።

በቀብሩ ቀን የሚነበበውን የሕይወት ታሪኩን እንድጽፍ አዘዙኝ። የት ተወለደ፣ የት ተማረ፣ መቼ ጌታን ተቀበለ። ስጨርስ አባቴ አጠገቤ መጥተው ቆሙ።

«አንድ ነገር ጨምርበት» አሉኝ። «ስለ መኪናው አባቱ ከልቡ ይቅር ብሎታል ብለህ ጻፍ። ሳልነግረው ሄደብኝ።»

ጻፍኩ። በሕዝብ ፊት ቆሜ አነበብኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም። ሕዝቡ አሜን አለ። ወንድሜ ላላጠፋው ጥፋት ይቅር ተባለ፤ ያነበብኩት እኔ ነኝ።

ዳዶውን ያላላሁ ጊዜ ልጅ ነበርኩ ልል እችላለሁ። ያነበብኩ ጊዜ ግን ልጅ አልነበርኩም።

ለማታውቁኝ ብዬ ብጀምረውም፣ መስማት ያለባቸው አባቴ ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ይህንንም ወረቀት ራሴ ላነብላቸው ነው። ይቅር ይበሉኝ አልላቸውም። የእኔን ይቅርታ አብርሽ ይዞት ተቀብሯል። የምለምናቸው አንድ ነገር ነው፤ ያንን ይቅርታ ከእሱ ላይ ያንሱለት። እሱ አጥብቆት ነበር። አይቻለሁ።