የዘለሏት ጥያቄ

እናቴ የአሜሪካን ታሪክ የተማረችው በመኪናዬ የኋላ ወንበር ላይ ነው። አስተማሪዋ እኔ አልነበርኩም፤ ቡሪየን የሚኖሩት ጓደኛዋ ነበሩ።

እሁድ እሁድ እናቴን ከሲያትል አጠገብ ካለው ሰፈራችን ከሬንተን ይዤ እነሳና ቡሪየን ጎራ ብዬ እሳቸውን ጭኜ ወደ ቤተ ክርስቲያን እነዳለሁ። ሁለቱንም የዜግነት ፈተና ይጠብቃቸው ነበር። ጥያቄዎቹን ስልካቸው ላይ ብጭንላቸውም አልፈለጉትም። እንደ ቅዳሴ ተሰጥኦ አደረጉት፦ ጓደኛዋ ትግርኛ በሚጫነው አማርኛቸው ይጠይቃሉ፣ እናቴ ትቀበላለች።

“ኮሎኒስቶቹ ምን ፈልገው መጡ?”

“ፍሪደም!”

“እነሱ ከመምጣታቸው በፊት እዚህ ማን ነበር?”

“ኔቲቭ አሜሪካንስ! ባለቤቶቹ!”

“ባለቤቶቹ” የሚለው መልሱ ውስጥ የለም፤ እናቴ ከራሷ የጨመረችው ነው። ከእንግሊዝ ጋር በቀረጥ የተነሳ መዋጋታቸው ሲደርስ ደግሞ “ለሻይ ብለው?” እያለች ትስቃለች። ሰሜኑና ደቡቡ እየተራራቁ ሄደው መዋጋታቸው ሲመጣ ግን ሳቁ ይቆማል።

“ምን አጣላቸው?” ይላሉ ጓደኛዋ።

“ስሌቨሪ። ሰውን እንደ ከብት ሲሸጡ!” ትላለች እናቴ። “የአንድ አገር ልጆች፣ አንድ መጽሐፍ ይዘው የሚጸልዩ። አያፍሩም?”

ሁለቱም ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ። እኔ በመስታወቱ እያየኋቸው ፈገግ እላለሁ። አሁን ያ ፈገግታዬ ትዝ ሲለኝ ፊቴን የት ልደብቀው እላለሁ።

ከዚያ አገር ቤት፣ በሰሜን፣ ጦርነት ተነሳ። አንድ እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ መኪናው ውስጥ ጥያቄም መልስም ጠፋ። እናቴ አስቀድሳ ስትወጣ ከማን ምን እንደሰማች እንጃ፤ በመስኮቱ ወደ ውጭ እያየች፣

“እናንተ ናችሁ የጀመራችሁት” አለች።

“እኛ እነማን?” አሉ ጓደኛዋ።

ቡሪየን ስንደርስ ሴትየዋ ወርደው በሩን ቀስ አድርገው ዘጉት።

በሚቀጥለው እሁድ የቡሪየን መውጫ ጋ ስንቃረብ ፍጥነት ቀነስኩ። “ቀጥል” አለችኝ እናቴ። ቀጠልኩ። እናቴ አዝዛኝ ነው እንዳልል፣ ፂሜ የሸበተ ሰውዬ ነኝ፤ መሪውም በእኔ እጅ ነበር። እውነቱን ለመናገር ትንሽ ቀሎኝም ነበር። ያ ነው ይበልጥ የሚያሳፍረኝ።

ወራት አለፉና የእናቴ የፈተና ቀን ደረሰ። ታናሽ እህቴን ከአዲስ አበባ ለማምጣት የነበራት ተስፋ ይኸው ፈተና ብቻ ነው። ማታ ማታ አጠገቧ ቁጭ ብዬ እጠይቃት ጀመር።

“ኮሎኒስቶቹ ምን ፈልገው መጡ?”

የነጠላዋን ጫፍ ትጠቀልላለች።

“እማዬ፣ ይኼን እኮ እንደ አባታችን ሆይ ነው የምታውቂው!”

“በአንተ አፍ አልመጣልኝ አለ” አለች። ጮህኩባት። ተነስታ ወደ ክፍሏ ገባች።

በማግስቱ ከሥራ ስወጣ ለእናቴ ሳልነግራት ወደ ቡሪየን ነዳሁ። የምለውን መንገድ ላይ አዘጋጀሁ፦ እማማ፣ የሆነው ሆኗል፣ አንድ ቀን ብቻ መጥተው ይጠይቁልኝ። ባዶ እጅ አይኬድም ብዬ ብርቱካን ገዛሁ።

በራቸው ገርበብ ብሏል። ደጃፉ በጫማ ተሞልቷል። ውስጥ ወንበሮች ግድግዳውን ተደግፈው ተደርድረዋል፤ ሰዎች አቀርቅረው ተቀምጠዋል። እሳቸው ጥቁር ለብሰው መሬት ላይ ፍራሽ ላይ ናቸው። ወንድማቸው አገር ቤት ከሞተ ቆይቷል። ስልክ ተቋርጦ ስለነበር መርዶው ገና መድረሱ ነው። ለእኛ የነገረን አልነበረም። ለቅሶ ደግሞ ተጠርተው አይሄዱበትም፤ ሰምተው ነው የሚሄዱት፤ ለመስማት ደግሞ መቀራረብ ያስፈልጋል።

“መጣህልኝ ልጄ?” አሉና እጃቸውን ዘረጉልኝ። “እናትህስ?”

“ይመጣሉ” አልኩ። ደንግጬ እናቴን አንቱ ብያት ቁጭ አልኩ። ብርቱካኑን አንዲት ሴት ተቀብላኝ ለለቀስተኛ ከመጣው ምግብ ጋር አኖረችው። ቴሌቪዥኑ ላይ ትንሽ የአሜሪካ ባንዲራ ቆማለች፤ የእሳቸው ፈተና አልፏል ማለት ነው። በማን መኪና ሄደው እንደተፈተኑ ለመጠየቅ አፈርኩ። እግዜር ያጽናዎት ብዬ ወጣሁ። አመጣጤን ለለቅሶ አድርገው ተቀብለውታል፤ እኔም ዝም ብዬ ተመረቅሁበት።

ቤት ገብቼ ለእናቴ ነገርኳት። እጇን አፏ ላይ ጫነች።

“በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?” አለች። እንደ እህት አንቺ የምትላቸውን ጓደኛዋን እሷም በድንጋጤ አንቱ ብላ ጠራች።

በማግስቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ መኪናው ውስጥ ገባች። የቡሪየን መውጫ ጋ ስንደርስ ሳልጠይቃት ታጠፍኩ። ጓደኛዋ ሲያይዋት ፍራሹ ላይ ጠጋ አሉላት። ተቃቅፈው አለቀሱ፤ እናቴ “ይቅር በዪኝ” ለማለት ብትሞክር ለቅሶው ዋጠው።

ሰው ቀለል ሲል ጓደኛዋ ዓይናቸውን ጠረግ አድርገው፣

“ፈተናሽ መቼ ነው?” አሏት።

“ሐሙስ።”

“ማን ይጠይቅሻል?”

እናቴ አንገቷን ደፋች። እሳቸው በለቅሶ በሻከረው ድምፃቸው ጀመሩ።

“ኮሎኒስቶቹ ምን ፈልገው መጡ?”

“ፍሪደም” አለች እናቴ፣ በሹክሹክታ።

“ከእነሱ በፊትስ ማን ነበር?”

እየጠየቁ፣ እየመለሰች ሄዱ፤ አንድም አልጠፋትም። ቀረጡን አለፉ፣ ነፃነቱን አለፉ፣ ከዚያ በቀጥታ ወደ ፕሬዚዳንቱ ገቡ። እናቴ ቀና አለች።

“አንዱን ዘለልሽው እኮ” አለች። “ሰሜንና ደቡቡን።”

ጉልበቷን ቸብ ቸብ አደረጓት።

“እሱንስ ታውቂዋለሽ” አሏት።