ጋሽ ገብሬና አስሩ ደቂቃ

ጋሽ ገብረመድኅን ባዶ ወንበር ላይ ከመቀመጣቸው በፊት «የማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ። ያውም ሰው በሌለበት ሱቅ! መጀመሪያ ላይ ያናድደኝ ነበር። «ጋሼ፣ ሱቁም የእኔ ነው፣ ወንበሩም የእኔ ነው፣ ይቀመጡ» እላቸዋለሁ። ይስቃሉ፤ በማግሥቱ ደግመው ይጠይቃሉ።

ምክንያቱን የሰማሁት ቆይቼ ነው። ከኢትዮጵያ ተሰደው ካምፕ ሳሉ ታመው ሦስት ሳምንት ሆስፒታል ተኙ። ሲመለሱ ድንኳናቸው ውስጥ ሌላ ቤተሰብ ሰፍሯል። ጠባቂው ለጥቂት ቀን የሚገባ የሚወጣ ሰው ስላላየ ባለቤቱ የለም ብሎ ሰጥቶታል። ከዚያ በኋላ ናይሮቢ ወርደው፣ የሰው ኢንተርኔት ቤት እየጠረጉ ኮምፒውተር ተማሩ። እኛ ዘንድ፣ ኬንያ በኩል ያለችው ሞያሌ ሲደርሱ ፀጉራቸው ሸብቶ፣ ስዋሂሊያቸው ግን ገና የሕፃን ነበር። ማንያታ የሚባለው ሰፈር ውስጥ አንዲት የጭቃ ቤት ተከራይተው ተቀመጡ። እኔ ነጂባ ስልክ እሸጣለሁ፤ እሳቸው ሱቄ ጥግ ላይ የተበላሸ ይጠግኑ ነበር።

በ2016 ከከተማው ሴቶች ጋር ሆነን «የእናቶች ጥሪ» ያልነውን ሥራ ጀመርን። ከከተማው ራቅ ባሉት የኦቦ መንደሮች ውስጥ ምጥ የያዛት ሴት አጭር መልእክት ትልካለች። ሱቄ ያለው ኮምፒውተር ጥሪውን ቦዳ ለምንለው የሞተር ታክሲ ነጂዎች ያሰራጫል፤ ቀድሞ የተቀበለው ነጂ በመጀመሪያው መልእክት ስሟን፣ በሁለተኛው መንደሯን ያገኛል። በዚያ መንገድ ከሞተር ሳይክል ሌላ ቶሎ የሚደርስ ነገር የለም።

ፕሮግራሙን የጻፉት ጋሽ ገብሬ ናቸው። ውስጡ እኩል የሚሯሯጡ ብዙ ሠራተኞች አሉ ይሉኛል፣ ለእያንዳንዱ ነጂ አንድ። በመጀመሪያ የጥሪዎቹን ዝርዝር አንዱ ሠራተኛ ሲነካ ሌሎቹ እንዳይነኩት በቁልፍ ይዘጋ ነበር። አንዱ ቁልፉን እንደያዘ ኔትወርክ መጠበቅ ሲጀምር ታዲያ ሁሉም ተገትሮ ይጠብቀዋል። ጋሽ ገብሬ ቁልፉን ከናካቴው አወጡት። ማንም ማንንም ሳይጠብቅ ይሠራ ጀመር። ደስ አለን፤ ደስታችን ግን ከሳምንት አላለፈም።

ነጂ ሲቀበለው ጥሪው ከዝርዝሩ ይወጣል፤ ተቀምጦበት የነበረው የሜሞሪ ቦታ ደግሞ ለሌላ ጥሪ መሰጠት አለበት። መቼ ይሰጥ? ቁልፍ ከሌለ፣ አንዱ ሠራተኛ ያንን ቦታ አሁንም እያነበበው እንደሆነ በምን ይታወቃል? ጋሽ ገብሬ «እርግጠኛ ሳልሆን አልለቅም» አሉ። አሮጌዋ ኮምፒውተር ባልተለቀቀ ቦታ እየሞላች በቀን ሁለት ጊዜ ድርቅ ትል ጀመር።

እኔ ትዕግሥት የሚባል ነገር አልፈጠረብኝም።

«አንድ መልእክት ለመላክ ስንት ሰከንድ ይፈጃል?» አልኳቸው።

«አምስት፣ ስድስት።»

«በቃ፣ አስር ደቂቃ ይቆይና ለሌላ ይሰጥ! አስር ደቂቃ ሙሉ አንድ ጥሪ ይዞ የሚቀመጥ ማን ነው?»

«የድንኳኑ ጠባቂም እንዲሁ ነበር ያለው፣ ነጂባ።»

ሳቅሁባቸው። ሥራው የቆመው በእርስዎ ምክንያት ነው ብዬ ጮህኩባቸውም። በመጨረሻ እሺ አሉኝ። እዚያው ሱቅ ቁጭ ብለን ሃያ ጊዜ ሞከርነው፤ ሃያውንም ጊዜ ሠራ። ሞያሌ ተወልጄ ያደግሁ ሴት፣ ድንበሩ ጋ ያለው ኮረብታ ላይ ስልክ የኢትዮጵያን አንቴና እየያዘ እንደሚጠፋ አላጣሁትም። ከመልመዴ የተነሳ ትዝ አላለኝም እንጂ።

ከአራት ወር በኋላ ጃለቱ የምትባል ሴት ከኦቦ በጎረቤት ስልክ ጥሪ ላከች። ጥሪውን ዲዳ የሚባለው ነጂ ተቀበለ፤ ከነጂዎቻችን ሁሉ ጎበዙ። ስሟ ደረሰው። መንደሯ ከመድረሱ በፊት ግን ኮረብታው ላይ ስልኩ ኔትወርክ አጣ። ፕሮግራሙ ውስጥ ያለው የእሱ ሠራተኛ ቦታውን ይዞ ጠበቀ። አስር ደቂቃው ሲያልፍ ፕሮግራሙ ቦታውን ለሌላ ሴት ጥሪ ሰጠው። ኔትወርኩ ሲመለስ ያ ሠራተኛ ካቆመበት ቀጥሎ አነበበ፤ ለዲዳም የጃለቱን ስም ከሌላይቱ መንደር ጋር ላከለት። ዲዳ እሷ በሌለችበት መንደር ውስጥ «ጃለቱ፣ ጃለቱ» እያለ ቤት ለቤት ዞረ። ቢደውል የጎረቤቷ ስልክ ባትሪው አልቋል። በስንት መጠየቅ፣ ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ሲደርስ ጃለቱ ቤቷ ወልዳለች፤ ልጁ ሞቷል።

የጃለቱ ቤተሰብ ዲዳ ሌላ ሥራ አግኝቶ ሄዶ ነው አሉ። እኛ ዘንድ ነጂዎች ጉዞው እንዳለቀ መልእክቱን ያጠፋሉ፤ የሰው ሚስት ስም ስልክ ላይ ይዞ መዞር ነውር ነው። ስለዚህ ዲዳ የሚያሳየው ነገር አልነበረውም። ሽማግሌዎቹ እኔን ጠየቁኝ። ኮምፒውተሩ ጥሪ ሲገባ ለብቻው የሚመዘግበውን አትሜ ሰጠኋቸው፤ መንደሩ ትክክል ተጽፏል። «ዋላሂ፣ የመጣልኝ ሌላ ነው» እያለ ቢምልም ከወረቀቱ የሚያምነው አልተገኘም። ከቦዳ ስቴጁ፣ ከሞተረኞቹ ተራ መጠበቂያ፣ አስወጡት፤ ሰላምታም ነፈጉት።

ጋሽ ገብሬ ግን አላመኑም። ስልክ ይዘው በእግራቸው ኮረብታው ላይ ወጡ፣ ወረዱ። ለአንድ ሳምንት ይህንኑ ሲያደርጉ ቆይተው አንድ ቀን ሱቅ መጡና ስልኩን ዘረጉልኝ። የሙከራ ስም ከማይገናኘው መንደር ጋር ተጣብቆ መጥቶላቸዋል።

«ዲዳ ንጹሕ ነው» አሉኝ።

«ያስተካክሉትና ዝም ይበሉ» አልኩ። «እንግዳ ነዎት፤ ከከተማው ያስወጡዎታል።» ለእሳቸው ያሰብኩ መስሎኝ ነበር። ለራሴ ፈርቼ ነው።

አስተካከሉት፤ ዝም ግን አላሉም። ሽማግሌዎቹ ከግራሩ ሥር ሲሰበሰቡ ሄደው ቆሙ። ጃለቱም ሳትቀር ሰው ሁሉ መጥቶ ነበር።

«ሀያ፣ እሺ፣ ተናገር» አሏቸው ሽማግሌው ጋልማ።

«ዲዳ አላጠፋም። ያጠፋው የእኔ ፕሮግራም ነው።»

«ማል ጄታ? ምን ማለትህ ነው?»

«አንድ ሰው የውሃ ሰልፍ ላይ ጄሪካኑን ትቶ ዘወር አለ እንበል። ተራ አስከባሪው አስር ደቂቃ ጠብቆ ለሌላ ሰው ሰጠው። ሌላው ላምባ ቀዳበት። ባለቤቱ ሲመለስ ጄሪካኑ ያው የራሱ ነው፤ ውሃ ብሎ ጠጣው። ዲዳ ላይ የደረሰው ይኼ ነው።»

ጋልማ ግራ ተጋብተው አዩአቸው። «እኛ ጄሪካን ላይ ምልክት እናደርጋለን። አንተ ለምን ምልክት አላየህም?»

«አሁን አድርጌዋለሁ። እያንዳንዱ ሠራተኛ ከማንበቡ በፊት የያዘውን ቦታ ሰሌዳ ላይ ይጽፋል፤ ከጻፈም በኋላ ጥሪው እንዳልተነሳ ዞሮ ያያል። ሰሌዳው ላይ የተጻፈ ቦታ፣ ቀኑን ሙሉ ቢቆይም፣ ለማንም አይሰጥም። ያን ጊዜ ግን የጠየቅሁት ሰዓት እንጂ ሰው አልነበረም። አስር ደቂቃ ይበቃል ያልኩት እኔ ነኝ።»

እኔ ከሴቶቹ መሀል ተቀምጬ ነበር። መነሳት ነበረብኝ። መሬት መሬቱን እያየሁ ቀረሁ።

ዲዳ ወደ ስቴጁ ተመለሰ። ጋሽ ገብሬ ላይ ለጃለቱ ቤት አንድ ጊደር ተፈረደባቸው፤ ሰጡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለ አስሩ ደቂቃ ለእኔ አንዲት ቃል ተንፍሰው አያውቁም፤ እንደ ወትሮው ያጫውቱኛል። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ከስምንት ወር በኋላ በዲዳ ሞተር ኦቦ ሄድኩ። ጃለቱ የጥጆቹን አጥር ስትጠግን አገኘኋት። እሷም ቀና ሳትል፣ እኔም ሳልቀመጥ «አስር ደቂቃ ይበቃል ያልኩት እኔ ነኝ» አልኳት።

«አውቃለሁ» አለች። «የዚያን ቀን ሰው ሁሉ እሳቸውን ሲያይ እኔ አንቺን ነበር የማየው። መሬት መሬቱን ስታዪ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?»

የያዘችውን እሾህ አስቀመጠችና ለመጀመሪያ ጊዜ ዓይኔን አየችኝ።

«ትመጣለች ብዬ ስጠብቅሽ ነው። ዲዳ የዘገየብኝ ሁለት ሰዓት ነው፣ ነጂባ። አንቺ ስምንት ወር።»