አቶ ፑ ማሸነፍ የሰለቻቸው ሰሞን

አቶ ፑ ቻንግሚንግ በዕድሜያቸው እንደዚያ ሰሞን አሸንፈው አያውቁም። ግራ እግራቸውን እየጎተቱ ቻይና ውስጥ ከሚፈሰው ሚን ወንዝ ዳር ወዳለው ሻይ ቤት ይገባሉ፤ ከሦስት ጓደኞቻቸው ጋር ማዦንግ የሚባለውን የጠጠር ጨዋታ ሊጫወቱ ይቀመጣሉ፤ ያሸንፋሉ። ጠጠሩ ይደባለቃል፤ እንደገና ያሸንፋሉ። ስትሮክ፣ የአንጎል ምት፣ ሳይመታቸው በፊት፣ ጭንቅላታቸው እንደ ምላጭ በነበረ ጊዜ፣ ያሸነፉ ቀን እያፏጩ ነበር ቤታቸው የሚገቡት። ያ ቀን ደግሞ ቶሎ ቶሎ አይመጣም ነበር። አሁን የያዙትን ጠጠር ዓይናቸውን ጨፍነው እስኪገልጡ የሚረሱት ሰውዬ የሻይ ቤቱ አንበሳ ሆነው ቁጭ አሉ።

«እንዴት ያለ እጅ ነው እባክህ፣ አያ ፑ!» ይላሉ ጡረታ የወጡት የአውቶቡስ ሹፌር፣ አቶ ጂየን።

«በሽታው እኮ ነው ያነቃው» ይላሉ ሥጋ ሻጩ አቶ ቱ።

እትዬ ሺያን ዝም ይላሉ። አቶ ፑን ያስፈራቸው ከሁሉም በላይ ይህ ዝምታ ነው። እትዬ ሺያን ግድግዳ የሚጋሯቸው ጎረቤታቸው ናቸው፤ ድሮ አንድ ጠጠር ሲዘገይባቸው «እስክትጥለው ልጄን ድሬ ልምጣ?» የሚሉ ሴት ነበሩ። አሁን ሻዩን እፍ እፍ ብለው አብርደው ያቀርቡላቸዋል።

አቶ ፑ ድልድዩ እስኪሠራ ድረስ የወንዝ ጀልባ ትኬት ቆራጭ ነበሩ። ሳይከፍል የተሻገረን ሰው ፊት ከዓመታት በኋላ ገበያ መሐል ለይተው የሚያሳፍሩ፣ የተጠሉ፣ የተወደዱ ሰው። ስትሮኩ ቃላቱን አልወሰደባቸውም፤ የወሰደው የነገሮችን ቅደም ተከተል ነው። ካልሲ ይቀድማል ጫማ? አሁን የተነገረኝ ምን ነበር? ይህ ሁሉ ሲሆን ግን አንድ ነገር ብቻ ነበር የሚመኙት፤ ከልቡ የሚጫወታቸው ሰው። ይህን ለማንም አልነገሩም፤ እንደዚህ ያለ ነገር ደግሞ ተለምኖ አይገኝም።

ልጃቸው ጂያ ሆስፒታል ወሰደቻቸው። ወጣቷ ዶክተር ኒንግ ከስትሮክ በኋላ ማሰብና ማስታወስ የሚቸግራቸውን ሰዎች ታጠናለች። የእነዚህ ሰዎች አንጀት ውስጥ የሚኖሩት ባክቴሪያዎች ከሌሎቹ ሕሙማን ባክቴሪያዎች እንደሚለዩ አስረዳችና ትንሽ የፕላስቲክ ዕቃ ሰጠቻቸው። ምን እንዲያመጡበት እንደምትፈልግ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረቻቸው።

አቶ ፑ ዕቃውን አገላብጠው አዩት። «ልጄ፣ እኔ የታመምኩት ላይኛው ፎቅ ነው። አንቺ የምትፈትሺው ምድር ቤቱን ነው።»

«ሁለቱን የሚያገናኝ ደረጃ አለ፣ አጎቴ። ከታች የወጣ ነገር ይሁን ከላይ የወረደ፣ እሱን ነው ገና ያላወቅነው።»

«መቼ ታውቁታላችሁ?»

«ጥናት ነው፤ ዓመታት ይፈጃል።»

«ግድ የለም» አሉ አቶ ፑ። «እኔ እንደሆነ መጠበቄንም እረሳዋለሁ።»

ጂያ ነገሩን ለሰፈሩ የስልክ ቡድን ጻፈች። ዶክተሯ በጥንቃቄ ከተናገረችው ሁሉ መንደሩ የሰማው አንዲት ቃል ብቻ ነው፤ ባክቴሪያ። ባክቴሪያ ከተባለ ደግሞ ይህን ሰፈር ማን ያህለዋል? በየቤቱ ጓዳ ውስጥ ጎመኑ፣ ፎሶሊያው፣ ዝንጅብሉና ቃሪያው በአሮጌ የጨው ውሃ የሚብላላበት ማሰሮ አለ። ውሃው አይደፋም፤ ከእናት ወደ ልጅ ይወረሳል፤ ማንም ሰው ደግሞ ከራሱ ማሰሮ የሚበልጥ ያለ አይመስለውም።

በማግስቱ የአቶ ፑ በር በሳህን ተጨናነቀ።

«የእኔ የአያቴ ውሃ ነው» አሉ እትዬ ሺያን። «አያቴ እስክትሞት ድረስ የሰፈሩን ሰው ነውር አንድ በአንድ ታስታውስ ነበር።»

«የእኛ ቤት ጎመን ግን በቀጥታ ጭንቅላት ነው የሚገባው» አሉ አቶ ጂየን።

«አባትህ እኮ የራሱን ስም ረስቶ ነው የሞተው!»

«እሱማ ጎመን አይወድም ነበር!»

አቶ ፑ ሁሉንም በሉ። አንዱን በልተው የሌላውን ቢተዉ ሰፈሩ ለሁለት ይከፈል ነበር። ሳምንት ሳይሞላ የደም ግፊታቸው ሰማይ ነካና ዶክተር ኒንግ ፊት ቀረቡ።

«እኔ ባክቴሪያ አልኩ እንጂ ጨው መቼ አልኩ?» ዶክተሯ ጮኸች። «ስትሮክ ለመታው ሰው ይህን ሁሉ ጨው! አትክልት አብስሉላቸው፣ ባቄላ፣ ጨው ቀንሳችሁ! በእግራቸው ይሂዱ! ማሰሮ አላዘዝኩም!»

ሰፈሩ ወሬው ሲደርሰው ተመካከረና ዶክተሯ ልጅ እንደሆነች ተስማማ፤ ግፊቱን ከፍ ያደረገው የጎረቤት ማሰሮ መሆኑንም እያንዳንዱ በየቤቱ አረጋገጠ።

ሚስታቸው ወይዘሮ ሌይ የራሳቸውን ማሰሮ ከለከሏቸው። ያን የጨው ውሃ ከእናታቸው ቤት በትንሽ ገንቦ ጭናቸው ላይ ይዘው ወንዙን የተሻገሩት ሙሽራ ሳይሆኑ፣ ገና ሊታጩ ሲሄዱ ነበር፤ ለሌላ ሰው። የዚያን ቀን ትኬት ቆራጩ ፑ ነበሩ። «ገንቦውም መቀመጫ ይዟል፤ ይከፍላል» ብለው ሲከራከሩ ጀልባው ደረሰ፣ ክርክሩ ግን አላለቀም። ሊታጩለት የነበረው ሰው በከንቱ ጠበቀ።

ማሰሮው አንድ ሕግ አለው፤ ቅባት የነካ ነገር አይገባበትም። ጎመኑ የሚወጣበት የራሱ ጥንድ ረጅም መብያ እንጨት አለው፤ ያም ሌላ ምግብ አይነካም። ጠብታ ቅባት ከገባ ውሃው ይደፈርሳል፣ ላዩ ነጭ ይለብሳል፣ የእናት እናት የደከመችበት ሁሉ ይበላሻል። ይህን በዚያ ሰፈር ገና ጥርስ ያላወጣ ሕፃን ያውቀዋል።

አንድ ቀን ምሳ ላይ ወይዘሮ ሌይ ልብስ ሊያሰጡ ወጡ። አቶ ፑ የአሳማ ጥብሳቸውን እየበሉ ነበር። ጨው አልባ ጥብስ። ተነሡ፣ ጓዳ ገቡ፣ የማሰሮውን ክዳን አነሡ፣ ስብ የሚንጠባጠብበትን የራሳቸውን መብያ እንጨት እስከ ጣታቸው ነከሩት።

ሚስታቸው በር ላይ ቆመዋል።

ከስትሮኩ ወዲህ ወይዘሮ ሌይ ለባላቸው የሚናገሩት ሕፃን በሚያባብሉበት ድምፅ ነበር። «ጎሽ፣ የእኔ ጌታ፣ እግርህን አንሣ፣ ጎሽ።» አሁን ግን ያ ድምፅ ጠፋ።

«አንተ ሽማግሌ! የአሳማ ስብ! የእናቴ ማሰሮ ውስጥ! የተመታው ጭንቅላትህ ነው እንጂ ዓይንህ ነው እንዴ? አይታይህም ሲንጠባጠብ? አንተን ብሎ ባል...»

የአቶ ፑ ፊት እንደ ፋኖስ በራ። «ቀጥይ» አሉ።

«ምኑን?»

«አንተን ብሎ ባል ብለሽ ነው ያቆምሽው። ከዚያስ?»

ወይዘሮ ሌይ ቀጠሉ። ወራት ሙሉ የታመቀ ነበርና ብዙ ነበር። አቶ ፑም መለሱ፤ ገንቦውን ዛሬም እንደሚያስከፍሉት ተናገሩ። እትዬ ሺያን ግድግዳውን እስኪደበድቡ ድረስ ተጯጯሁ። በመጨረሻ ወይዘሮ ሌይ ዓይናቸውን በሽርጣቸው ጫፍ ጠርገው፣ እንዲህ ላለ አደጋ እንደሚደረገው ማሰሮው ውስጥ አንድ ስኒ አረቄ ጨመሩ። አንድ ጉንጭ ደግሞ ለራሳቸው።

አቶ ፑ ወደ ሻይ ቤት ሲሄዱ ጓደኞቻቸውን የሚፈትኑበት ዘዴ አስበው ነበር። እንዳይጠፋባቸው መንገዱን ሙሉ እየደጋገሙ በአፋቸው አጉረመረሙት፤ «የሚሰበስቡትን ጣል፣ የሚሰበስቡትን ጣል።»

ጨዋታው ተጀመረ። የተጣለ ጠጠር ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቶ ስለሚታይ ማስታወስ አያስፈልግም፤ ማየት ይበቃል። እትዬ ሺያን የቀርከሃ ሥዕል ካለበት ጠጠር በቀር ያላቸውን ሁሉ ጥለዋል። ቀርከሃ እየሰበሰቡ መሆናቸውን በመስኮት የሚያልፍ ሰው ያውቀዋል። ሌላው የጣለውን ጠጠር ደግሞ የሚፈልገው ሰው አንሥቶ መውሰድ ይችላል። አቶ ፑ ቀርከሃ ጣሉ። እትዬ ሺያን ጣሪያውን አዩ። ሌላ ቀርከሃ ጣሉ። አቶ ቱ አሳላቸው። ሦስተኛውን ከእትዬ ሺያን አፍንጫ ሥር አስቀመጡት።

«ይህም አይጠቅምሽም?»

«አይ... አይጠቅመኝም፣ አያ ፑ።»

አቶ ፑ እጃቸውን ዘርግተው የእትዬ ሺያንን ጠጠሮች ገለበጧቸው። ለማሸነፍ የጎደላቸው ያ አንድ ቀርከሃ ብቻ ነበር።



«አሳዝነኸን ነው» አሉ አቶ ጂየን፣ መሬት መሬት እያዩ።

«ስሞት ታዝናላችሁ፤ ያን ጊዜ ደግ ደጉን ታወሩልኛላችሁ» አሉ አቶ ፑ። «እኔ እዚህ የምመጣው ከሰው ጋር ልጫወት ነው። ከአስታማሚ ጋር ከሆነ ቤቴም አለልኝ።»

እትዬ ሺያን ያበረዱላቸውን ሻይ ከፊታቸው አንሥተው ራሳቸው ጭልጥ አደረጉትና ጠጠሩን ደባለቁት።

«ጣል እንግዲህ! ወንዙ እስኪደርቅ ነው የምትጠብቀው?»

አቶ ፑ ያን ቀን ተሸነፉ። ደጋግመው ተሸነፉ። ተራቸውን ረሱ፣ የያዙትን ረሱ፣ ያለቀ ጨዋታ ሲቀጥሉ ተያዙ። አቶ ቱ «ይህን የሚጥለው ምን ዓይነት ደነዝ ነው?» ሲሉ እትዬ ሺያን «ጀልባ ላይ ፀሐይ የመታው» ብለው መለሱ። የሳቁት አቶ ፑ ነበሩ።

ወይዘሮ ሌይ ማሰሮው ላይ አጎንብሰው ነጭ ለብሶ እንደሆነ ሲመረምሩ ከመንገዱ ማዶ ፉጨት ሰሙ። የድሮው ዜማ ነው፤ መሐሉ መጀመሪያው ላይ ገብቶ፣ መጨረሻው መሐል ላይ ተወሽቆ ነው እንጂ። ቢሆንም ማን እንደመጣ ለይተውታል። በሩ ሳይከፈት ጮሁ፦

«እጅህን ሳትታጠብ ጓዳ እንዳትገባ፣ ሽማግሌ!»