ሰማንያው ቀን ሳይደርስ

ንግሥቴ ከረጢቱን የምትይዘው በሁለቱ ጆሮዎቹ ነው። ከሚዛኑ ወርዶ እየተንሸራተተ ሲመጣላት ማዕዘኖቹን ትቆነጥጥና ወደ ላይ ሳብ፥ ወደ ታች ነቅነቅ ታደርገዋለች፤ ዱቄቱ ሰክኖ አፉ ባዶ እንዲሆን። ቀጥሎ በመዳፏ ጠርዝ አየሩን ጨምቃ ታስወጣለች። አየር የቀረበት ከረጢት መኪና ላይ ሲደራረብ ይፈነዳል። አፉን አንዴ ታጥፋለች፥ ደግማ ታጥፋለች፥ እጥፋቱን በአውራ ጣቷ ከዳር እስከ ዳር ትጫነዋለች። ከዚያ ከጣሪያው የተንጠለጠለውን የእጅ መስፊያ በቀኟ ትስባለች፥ በግራዋ ከረጢቱን ታቀርባለች፤ ጥርሱ እጥፋቱን ሲነክስ ቁልፉን ትጫናለች። መርፌው ዳር ሲደርስ አታቆመውም። በባዶው ትንሽ ታስኬደውና ከክሩ ጭራ ታስተርፋለች፤ ጭራ ያልተረፈለት ስፌት መንገድ ላይ ይተረተራል። ክሩን ትቆርጣለች፥ ከረጢቱን በጉልበቷ ገፋ ታደርጋለች። ይኼኔ ሌላው መጥቷል።

እጇ ብቻውን የሚሠራ ይመስላል። ዓይኗ ከረጢቱ ላይ አይደለም። ከሽርጧ ሥር፥ ደረቷ ላይ፥ ደራርባ ያጠፈችው የነጠላ ቁራጭ አለ። ወተቱ ሲመጣ ዱቄቱ ላይ እንዳይንጠባጠብ ነው። ንግሥቴ አራስ ናት። ልጇ ከፋብሪካው ግንብ ማዶ፥ በኪራይ ቤታቸው ውስጥ ናት፤ ገና ክርስትና አልተነሣችም።

ፋብሪካው ከቡሬ ወጣ ብሎ ያለ የዱቄት ፋብሪካ ነው። ንግሥቴ የቋሪት ልጅ ናት፥ ከገበዝ ማርያም አለፍ ብሎ ካለ ቀበሌ። ፍኖተ ሰላም የልብስ ስፌት ሙያ ተምራ ነበር፤ ኮሌታ መግጠም፥ ኪስ መክተት። ያገኘችው ግን የከረጢት አፍ ነው። «ልብስም ከረጢት ነው፤ ሰው የሚገባበት ሆኖ ነው እንጂ» ትላለች። ሥራውን አልናቀችውም። የመስፊያውን መርፌ ራሷ ትቀይራለች፥ ዘይቱን ራሷ ታጠጣለች።

ሥራ ከጀመረች ወዲህ አንድ ልማድ ነበራት፤ የዓመት ፈቃዷን አትወስድም። ወንድሟ ሲያገባ ቋሪት አልሄደችም። የአባቷ ተዝካር ሲወጣም ድርሻዋን በሰው ላከች እንጂ ራሷ አልተገኘችም። በዚህ ዘመዶቿ እስካሁን ያኮረፏት አሉ። አጠገቧ ሚዛን ላይ የምትሠራው ደጊቱ፥ በዕድሜም በምላስም የምትበልጣት ሴት፥ በነገሩ ትስቅባት ነበር።

«ኧረ አንቺ፥ ይኸን ፈቃድ ምን ልታደርጊው ነው? ልትቀበሪበት ነው?»

«ልወልድበት ነው።»

«አግቢ መጀመሪያ!»

አገባች። ተስፋው ይባላል፤ ቆጋ መስኖ እየወረደ ሽንኩርትና ድንች በማንሣት የሚያድር ሰው ነው። የንግሥቴ ሐሳብ ቀላል ነበር። ስትወልድ የወሊድ ፈቃዱ አለ፤ የተጠራቀመው የዓመት ፈቃድ ከላዩ ይጨመርበታል። ወንድ ቢሆን በአርባ ቀኑ፥ ሴት ብትሆን በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ይነሣል፤ ከዚያም በኋላ ልጁ አንገቱን እስኪያጸና፥ በቂጡ ጸንቶ እስኪቀመጥ እቤት ትሆናለች። እናቷ እሷን እንዲያ ነው ያሳደገቻት።

አምና፥ መንገዱ እየተዘጋ ስንዴው አልገባ ሲል፥ ፋብሪካው ሠራተኞቹን ሁሉ ሰበሰበ። የሰው ኃይል ኃላፊው አቶ ሀብተሚካኤል መጋዘኑ ውስጥ ከረጢት ላይ ቆመው ተናገሩ። ሠራተኛው ከእንግዲህ በኤጀንሲ በኩል ይቀጠራል። ሥራው ያው ነው፥ ማሽኑ ያው ነው፥ ደመወዙም ያው ነው፤ የሚለወጠው ቀጣሪው ብቻ ነው። አዲስ ቅጥር ስለሆነ የዓመት ፈቃድ ከአዲስ ይቆጠራል። የወሊድም ያጥራል፤ አርባ አምስት ቀን ይሆናል።

«የተጠራቀመውስ?» አለች ደጊቱ፥ ለንግሥቴ ስትል።

«ከድሮው ውል ጋር ቀርቷል።»

«ሕግ አለ እኮ ጋሼ!»

«አለ። ሕጉን ይዘሽ ብትሄጂ ማንም አይከለክልሽም። እስኪወሰን ግን ሥራው አይጠብቅሽም፤ በር ላይ የቆሙትን ታያቸዋለሽ።»

በር ላይ የቆሙትን ሁሉም ያውቃቸዋል። ጠዋት ጠዋት ሥራ ፍለጋ የሚሰለፉ ልጆች ናቸው፤ ገሚሶቹ የተማሩ።

ከዚያ አቶ ሀብተሚካኤል ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንድ ነገር ጨመሩ። እርጉዝ የሆነች ካለች አሁኑኑ ትናገር፤ እሷ የድሮው የወሊድ ፈቃድ ይጠበቅላታል። ሆዷ የገፋው ያምሮት እጇን አወጣች። ሰው ሳቀ፤ እሷም ሳቀች፤ ተመዘገበች።

ንግሥቴም ያኔ እርጉዝ ነበረች። ሁለት ወር ሊሆናት ነው። እጇን ግን አላወጣችም።

ይህን የማይገባው ሰው ሞኝ ይላታል። በእሷ አገር ግን ያልታየ እርግዝና በሰው ፊት አይነገርም፤ ዓይን አለ፥ ምላስ አለ። የፊተኛውን ገና በጧቱ ለደጊቱ ብቻ ነግራ፥ ወሩ ሳይሞላ ወርዶባት ነበር። ደጊቱ ምንም አላደረገቻትም፤ ንግሥቴም ታውቃለች። ቢሆንም ሁለተኛውን ለባሏ እንኳ ገና አልነገረችም፤ ጭራሽ በዚያ ሁሉ ጫኝና አውራጅ መካከል እጇን ታውጣ? ነጠላዋን ሆዷ ላይ ሰበሰበችና ወረፋዋ ሲደርስ ፈረመች።

ሆዷ መታየት ሲጀምር ቀልዱ ተጀመረ። ከረጢት የሚጭኑት ወንዶች ሲያልፉ ሲያገድሙ ያነሡት ነበር።

«ንግሥቴ፥ ወንድ ነው መውለድ ያለብሽ! ወንድ ከሆነ በአርባው ክርስትና አንሥተሽ፥ ድግሱን አብልተሽን፥ ከች ነው። ሴት ከሆነችማ ድርጅቱ አይችላትም!»

«እዘዙልኛ!» ትላቸው ነበር፤ ትስቃለች። ማታ ግን ለማርያም የምትነግረው ይህንኑ ነበር፤ ወንድ አድርጊው፥ ለሌላ አይደለም፥ ለቀኑ ነው።

ሴት ወለደች። ተስፋው ከቆጋ በስልክ «ሄቨን በያት» አለ፤ የከተማ ልጆች ሲጠሩበት የሰማው ስም ነው። የክርስትና ስሟን ካህኑ ይሰጣሉ። አማቷ እማማ ሠርክአዲስ ከገጠር መጥተው ቢላዋውን ትራሱ ሥር አስቀመጡ፤ ክርስትና ያልተነሣ ሕፃን ብቻውን አይተውም፥ ብረትም ከአጠገቡ አይለይም። ጥሩ እጅ ያላቸው ሴት ናቸው። ጆሯቸው ብቻ ከሄደ ቆይቷል፤ ጠመንጃ ቢተኮስ አይሰሙም።

ተስፋው መጣና ለሚስቱ መሮጥ ጀመረ። መጀመሪያ ኤጀንሲው ዘንድ ደወለ። ባሕር ዳር ያለ አንድ ስልክ ነው፤ ኔትወርክ ሲኖር ይነሣል። «እኛ ሰው እናቀርባለን እንጂ ፈቃድ የሚያውቀው ፋብሪካው ነው» አሉት። ፋብሪካው ሄደ፤ አቶ ሀብተሚካኤል ወንበር ሰጡት።

«ፈቃድ የሚሰጠው ቀጣሪው ነው፤ ቀጣሪው ኤጀንሲው ነው።»

«እሷ እኮ ያኔም እርጉዝ ነበረች፥ ጋሼ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አለች?»

«አልታየም ነበራ!»

አቶ ሀብተሚካኤል ግንባራቸውን አሹ። «ባውቅ እኔው ራሴ አስመዘግባት ነበር። አሁን ምኑን ይዤ ልከራከር? እኔም የኤጀንሲው ሰው ሆኛለሁ። የእኔዋ ሚስት ብትወልድ አንድ ቀን አላገኝም።» ያሉት እውነት ነበር። ተስፋው የሚቆጣው ሰው አጥቶ ተነሣ።

ፍኖተ ሰላም ድረስም ሄደ። እዚያ ያሉት የሠራተኛ ጉዳይ ቢሮ ሰዎች በወጉ አነጋገሩት፤ አቤቱታ መቅረብ እንደሚችልም ነገሩት። ጉዳዩን የምትይዘው ባለሙያ ግን የለችም።

«የት ሄደች?»

«ወልዳለች። የወሊድ ፈቃድ ላይ ናት።»

ተስፋው ይህን ለንግሥቴ ሲነግራት ያለቀሰች መስሎት ነበር። ስትስቅ ነበር። «እሰይ፥ ማርያም ትማራት» አለች። «ሴት ይሆን የወለደችው?»

የቀሩት ካህኑ ነበሩ። የነፍስ አባቷ አባ ቂርቆስ ጸበል ሊረጩ ሲመጡ በደጅ እንደቆሙ ጠየቀቻቸው። ክርስትናው ቢፈጥንላት፥ ልጇን የሚጠብቃት ነገር ሳይኖር ጥላት ከምትሄድ።

«ታማለች እንዴ?»

«ኧረ አልታመመችም፥ አባ።»

«ደኅና ከሆነችማ ልጄ፥ ሰማንያው የእኔ አይደለም፤ ከየት አምጥቼ ልቀንስልሽ?» አሉና ግድግዳውን፥ በሩን፥ እሷንም ረጯት። ውሃው ደስ የሚል ቅዝቃዜ ነበረው።

ስለዚህ ገና አራስ ሳለች ሥራ ገባች። ተስፋው ወደ ቆጋ ተመለሰ። የፋብሪካው ሴቶች አቅፈው ሳሟት፤ ከባድ ከባዱን አነሡላት። ምሳ ላይ ግን ደጊቱ ድርሻዋን ለብቻ በሰሐን አድርጋ ሰጠቻት።

«ነገ ማስቀደስ አለብኝ፤ አትቀየሚኝ እቴ። ክርስትናው እስኪነሣ ነው።»

«አውቃለሁ፤ እኔስ ብሆን?» አለች ንግሥቴ። ከአራስ ጋር የበላ በማግሥቱ ቤተ ክርስቲያን አይገባም። የተለመደ ወግ ነው፤ በወጉ ግን አራስ እቤቷ ነበር የምትሆነው። ፊቷን ወደ ግንቡ አዙራ በላች።

ቤት ውስጥ እማማ ሠርክአዲስ የራሳቸውን ብልሃት አበጅተዋል። ጆሮ ስለሌላቸው በእጃቸው ነው የሚሰሙት። ሕፃኗ አጠገብ ይቀመጡና መዳፋቸውን ሆዷ ላይ ያሳርፋሉ፤ ስታለቅስ ሆዷ ይነሣል ይወድቃል፥ ያኔ ያቅፏታል። ጠዋት ታልቦ የተቀመጠውን ወተት በማንኪያ ጠብ ያደርጉላታል። እጃቸው ሆዷ ላይ እስካለ ድረስ ችግር የለም።

አንድ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ መብራት ጠፋ። መጀመሪያ ወፍጮው ዝግ አለ፥ ቀጥሎ ወንፊቱ፥ በመጨረሻ የማራገቢያው ፉጨት። ንግሥቴ በዚያ ሰዓት ፋብሪካውን ጸጥ ብሎ ሰምታው አታውቅም። ጸጥታው ውስጥ ከግንቡ ማዶ የሕፃን ልቅሶ መጣ።

«የጎረቤት ልጅ ትሆናለች» አለች ደጊቱ።

«የእኔ ናት።»

«በምን አወቅሽ?»

ንግሥቴ ሽርጧን ገለጥ አደረገች። ደረቷ ላይ ያለው ጨርቅ ርሶ ነበር።

ወደ በሩ ሮጠች። ዘበኛው ዘሚካኤል በትሩን ይዞ ቆሟል። «አያ ዘሚካኤል፥ ደርሼ ልምጣ። ግንቡን ዞሮ እኮ ነው፤ አጥብቻት እመለሳለሁ።»

«ጠልቼሽ ነው እህቴ? ጄኔሬተሩ አሁን ይነሣል፤ ሰዓት ሳይሞላ ካስወጣሁሽ ነገ አንቺም እኔም ደጅ ነን። ቆይ፥ እጠራቸዋለሁ።» ወደ ግንቡ ጥግ ሄዶ እጁን በአፉ ዙሪያ አደረገ። «እማማ ሠርክአዲስ! እማማ!»

«አይሰሙም እኮ!»

«ታዲያ ምን ያስጮኸኛል?» አለና ዙሪያውን አየ። ጠጠር አነሣና ከግንቡ በላይ አሳልፎ ወረወረ። ጠጠሩ የቤቱ ቆርቆሮ ላይ ተንኳኳ። ልቅሶው ባሰ።

«ተው! አስደነገጥካት!»

 ዘሚካኤል ዓይኑን ከእሷ አሽሽቶ በትሩን ያያል። እሷ በግንቡ ላይ ግንባሯን አሳርፋ ትሰማለች፤ ልቅሶው እያረፈ፥ እየተነሣ፥ እየሳሳ። ከዚያ ጄኔሬተሩ ተነሣ፤ ልቅሶው ጠፋ። ልጅቷ ዝም ብላ ይሁን፥ ጩኸቱ ውጧት፥ አላወቀችም። ወደ ቦታዋ ስትመለስ ከረጢት ከሚዛኑ ላይ ወርዶ እየመጣ ነበር። ጆሮዎቹን ያዘች።

ሰዓቱ ሲሞላ ከሁሉ በፊት ወጣች። እማማ ሠርክአዲስ እንደተቀመጡ ግድግዳውን ተደግፈው እንቅልፍ ወስዷቸዋል፤ ቀኑን ሙሉ ሳይነሡ የዋሉ አሮጊት ናቸው። እጃቸው ከሕፃኗ ሆድ ተንሸራቶ መሬት ላይ ወድቋል። ሄቨን ተኝታለች፤ ፊቷ አብጧል፥ በእንቅልፏ ውስጥ ሳግ ይንጣታል። ንግሥቴ ስታነሣት አሮጊቷ ነቁ።

«መጣሽ ልጄ? ዛሬስ አንዲት ጊዜ አላለቀሰች። ወርቅ የሆነች ልጅ!»

ንግሥቴ እንዲያዩት ፊቷን ወደ ብርሃኑ አዞረች፤ አፏን ከፍታ ቀስ እያለች ተናገረች። «እሰይ፥ እማማ። ይኑሩልኝ።» ሌላ ምን ትበላቸው?

ሥራውን ለመልቀቅ አስባለች። ሽንኩርቱ ሲያልቅ የተስፋው ሥራም ያልቃል፤ መስፊያውን የሚይዙት ልጆች በር ላይ ናቸው። ስለዚህ በማግሥቱም ገባች፥ ከነገ ወዲያም። ሰማንያው ገና ነው።

ታሪኳ እንደሚጻፍ ሲነገራት ብዙ አላሰበችም። «ተጽፎ ፈቃዱን አይመልሰው» አለች፤ ክር እየቆረጠች። ቆይታ ግን፥ ከሚያነብቡት መካከል በዚያ በኩል የሚያልፍ አይጠፋም ብላ፥ ይህን እንዲጨመርላት ለመነች።

«በፋብሪካው ግንብ ጀርባ የምታልፉ ከሆነ፥ ሰማያዊ በር አለ፤ አይቆለፍም። ሕፃን ስታለቅስ ከሰማችሁ እባካችሁ አትለፉ። ግቡ። ልጅቷን አትንኳት፥ ክርስትና አልተነሣችም። የአሮጊቷን ትከሻ ብቻ ነካ አድርጉልኝ።»